ሙዚየም ወይስ ጋለሪ? የዘመኑን ሥዕል በአዲስ አበባ ለማየት

በአዲስ አበባ የዘመኑን ሥነ ጥበብ ለማየት የሚሻ ሰው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘውን የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየምን ወይም እ.ኤ.አ. በ2016 የተመሠረተውን አዲስ ፋይን አርት የተባለ የግል ጋለሪ ሊመርጥ ይችላል።

ሙዚየሙ የቆመው ለሽያጭ ሳይሆን ለትምህርትና ለታሪክ በመሆኑ፣ ሙዚየሙ የተሰየመለት፣ በጀርመን ኮሎኝ የተማረው ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ወደ ረቂቅ ሥዕል (ነገሮችን እንዳሉ ከመሣል ይልቅ በቅርጽና በቀለም ወደሚገልጸው አሣሣል) እንዴት እንዳመራ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ስፍራ የለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የአዲስ አበባ ተወላጇን የሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱን ሥራዎች በትውልድ ከተማዋ ያሳየውም ይኸው ሙዚየም ነው፤ የዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች የሚሻሟቸውን ሥዕሎች የአገሯ ተማሪዎች በቅርብ ማየታቸው ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ለአንድ ጉብኝት ብቻ ጊዜ ላለው ሰው ያለማመንታት ሙዚየሙን እመክራለሁ።

ጋለሪው በአንጻሩ በሕይወት ያሉ ሠዓልያንን አዳዲስ ሥራ ለመከታተል ይመቻል። የገበያ ሴቶችን በግርማ የሚሥለው ታደሰ መስፍን በዚህ ጋለሪ በኩል ሥራዎቹን በውጭ አገርም አሳይቷል፤ ጋለሪው እ.ኤ.አ. በ2021 በለንደን ቅርንጫፍ ከፍቷል። ይሁን እንጂ የተሸጠ ሥዕል ወደ ግል ስብስብ ከገባ በኋላ ሕዝብ ዳግም ላያየው ስለሚችል፣ ትርኢቱ ሳይዘጋ መሄድ ያስፈልጋል።