ልፋት የማይባክንባቸው ዓለማት፦ ከኦንላይን የሚና ጨዋታዎች የምመርጣቸው

ብዙ ተጫዋቾች በአንድ ዓለም ውስጥ እየተገናኙ የየራሳቸውን ካራክተር (በጌሙ ውስጥ የሚመሩትን ገጸ ባሕርይ) የሚያሳድጉባቸውን የኦንላይን ጌሞች ስመዝን በቅድሚያ የማያቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ጌሙ የደከምኩበትን ነገር ይጠብቅልኛል ወይስ በየጊዜው ዋጋ ያሳጣዋል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ የማላውቀው ተጫዋች ወዳለሁበት ሲመጣ ደስ ይለኛል ወይስ እሰጋለሁ የሚለው ነው። የምስል ጥራት ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።

በሁለቱም መለኪያ ጊልድ ዋርስ 2ን የሚስተካከል አላገኘሁም። በ2012 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሲወጣ የመጨረሻው ሌቭል፣ ማለትም ካራክተሩ የሚደርስበት የዕድገት ደረጃ፣ 80 ነበር፤ በርካታ ማስፋፊያዎች (ለብቻ የሚሸጡ ተጨማሪ ክፍሎች) ከወጡለት በኋላ ዛሬም 80 ነው። ጥሩ ትጥቅ አንድ ጊዜ ያሟላ ተጫዋች ለረጅም ጊዜ ርቆ ቢመለስ እንኳ ትጥቁ እንደ ድሮው ያገለግለዋል። ማስፋፊያዎቹ ትልቅ ትልቅ ቁጥር ከመደርደር ይልቅ አዲስ ችሎታ መጨመርን ይመርጣሉ፤ በ2017 የወጣው ፓዝ ኦፍ ፋየር ያመጣቸው የሚጋለቡ እንስሳት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። ጥንቸል መሰሉ እንስሳ ገደሉን በአንድ ዝላይ ይወጣዋል፤ ግሪፈን የተባለው ባለ ክንፍ ደግሞ ከከፍታ ወደ ታች ተወርውሮ ያገኘውን ፍጥነት ክንፉን ሲዘረጋ መልሶ ከፍታ ያደርገዋል። መቼ መወርወር፣ መቼ ክንፍ መዘርጋት እንደሚገባ በሚገባ ለመልመድ ጊዜ ይጠይቃል፤ አንዴ ከተለመደ ግን ምንም ዓይነት ማሻሻያ ቢመጣ ከእጅ የማይወጣ ክህሎት ነው።

ሌላ ተጫዋች ሲመጣ የሚሰማኝን ደስታም የፈጠሩት የጌሙ ሕጎች ናቸው። አንድ የማዕድን ድንጋይ ላይ ሁለት ሰዎች ቢደርሱ ሁለቱም ይቆፍራሉ፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ያገኛሉ፤ አንዱ ስለቀደመ ሌላው ባዶ እጁን አይመለስም። በውጊያ የወደቀን ተጫዋች ያየ ማንኛውም አላፊ፣ ሙያው ምንም ይሁን ምን፣ ጎንበስ ብሎ ሊያነሣው ይችላል፤ በማንሣቱም የልምድ ነጥብ ያገኛል። ጉድለት የለውም ማለት ግን አይደለም፤ የዕቃ መያዣው ቶሎ ይሞላል፣ ተጨማሪ ቦታ ደግሞ በጌሙ መደብር የሚሸጥ ስለሆነ ይህ አሠራር አይጥመኝም።

ቀጥሎ የማስቀምጠው ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕን ነው። በ2007 የነበረውን የሩንስኬፕ ቅጂ መሠረት አድርጎ በ2013 የተከፈተው ይህ ጌም ዐበይት ለውጦችን የሚያደርገው ለተጫዋቾች ድምፅ አቅርቦ ሲያጸድቁለት ነው፤ የልፋትን ዋጋ ለማስጠበቅ ከዚህ የተሻለ ዋስትና አላውቅም። አንድን ክህሎት፣ ለምሳሌ ዛፍ ቆረጣን፣ እስከ መጨረሻው ሌቭል 99 ለማድረስ 13,034,431 የልምድ ነጥብ ያስፈልጋል፤ የሚፈለገው ነጥብ በየሌቭሉ እየጨመረ ስለሚሄድ ሌቭል 92 ላይ የደረሰ ሰው የመንገዱን ግማሽ ብቻ ነው የሄደው። ይህን አሰልቺ የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን 99 የደረሰን ሰው ከልብ የማከብረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ፋይናል ፋንታሲ 14 በ2010 ወጥቶ ክፉኛ ከተተቸ በኋላ ተዘግቶ በ2013 እንደ አዲስ የተሠራ ጌም ነው። አንዱ ካራክተር መሣሪያ በመቀየር ብቻ ሁሉንም ሙያዎች መሥራት ስለሚችል አዲስ ሙያ ለመሞከር ከዜሮ ሌላ ካራክተር መፍጠር አያስፈልግም። በአዲስ ተጫዋች ስም አጠገብ ትንሽ ቡቃያ ይታያል፤ ቡድኑ ውስጥ ፈተናውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገጥም ሰው ካለ ደግሞ ሲያሸንፉ ሁሉም ተጨማሪ ሽልማት ስለሚያገኙ ጀማሪን የሚታገሡት በደስታ ነው። ታሪኩ ግሩም ቢሆንም እጅግ ረጅም ነው።

ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በቡድን ውጊያዎቹ ቅንብር ከሁሉም የላቀ ይመስለኛል። ሆኖም አዲስ ማስፋፊያ በወጣ ቁጥር ብርቱ ጭራቆችን በመጣል የተገኘው ትጥቅ ተራ ተልእኮዎች በሚሰጡት ዕቃ መተካቱ ያስከፋኛል። በጠፈር መርከቦች የሚካሄደው ኢቭ ኦንላይን በተቃራኒው ክህሎት ተጫዋቹ ከጌሙ ወጥቶ እያለ እንኳ እንዲያድግ ያደርጋል፤ ነገር ግን በውጊያ የጠፋ መርከብ ስለማይመለስ የማላውቀው ሰው ሲቀርብ የሚሰማኝ ስጋት ነው። አደንቀዋለሁ፤ አልመርጠውም።

ለመጀመር ለሚያስብ ሰው ጊልድ ዋርስ 2 ወርሃዊ ክፍያ አይጠይቅም፤ መሠረታዊው ክፍልም በነፃ ይገኛል። በነፃ አካውንት ግብይትና መልእክት ላይ ገደብ አለ፤ ዓለሙን ተዘዋውሮ ለማየት ግን አያግድም። ማስፋፊያ ከመግዛቱ በፊት ሌቭል 80 ይድረስ፤ ከዚያ መጀመሪያ ፓዝ ኦፍ ፋየርን ይያዝ።