ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት የኪቦርዱን ፎቶ ጠይቁ

ያገለገለ ላፕቶፕ ኦንላይን ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳትልኩ። እኔ ተበልቻለሁ።

ማስታወቂያው ላይ ፕሮሰሰሩም፣ ራሙም፣ ባትሪውም ተዘርዝሯል። ፎቶዎቹ ግን ከጀርባና ከጎን የተነሱ ነበሩ። ልብ አላልኩም። ዕቃው ደርሶ ስከፍተው ኪቦርዱ የፈረንሳዮቹ አዜርቲ ነው። ኤ በለመድኩበት ቦታ ኪው ተቀምጧል። ዜድና ደብሊው ቦታ ተለዋውጠዋል። ኤም ከታችኛው ረድፍ ወጥቶ ኤል አጠገብ ሄዷል። ቁጥር ለመጻፍ እንኳን ሺፍት መያዝ ያስፈልጋል።

ሻጩ ጋ ስደውል «ችግር የለውም፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ወደ እንግሊዝኛ ይቀይሩት» አለኝ። ብዙ ሰው የሚሸወደው በዚህች ቃል ነው። ሴቲንግ ቁልፉ ላይ የታተመውን ፊደል አይቀይርም። ኤ የሚለውን ትጫናላችሁ፣ ኪው ይወጣል። ሳያይ ለሚጽፍ ሰው ብዙም ላይከብድ ይችላል። ዓይኑን ኪቦርዱ ላይ ተክሎ ለሚጽፍ ግን ስቃይ ነው። ፓስዎርድ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ የጻፋችሁት በነጥብ ስለሚሸፈን ስህተቱን አታዩትም። እኔ ትክክለኛውን እያስገባሁ መስሎኝ ደጋግሜ ሞክሬ አካውንቴ ተቆልፎብኛል።

ስቲከር ለጠፍኩበት። ፊደሉ ተስተካከለ፣ ቅርጹ ግን ያው ነው። እንዲህ ያለው ኪቦርድ ኢንተሩ ሁለት ረድፍ ይዞ የቆመ ነው። የግራው ሺፍት አጭር ሆኖ ከጎኑ አንድ ትርፍ ቁልፍ አለ፤ ሺፍት ልነካ ስል ዛሬም እሱን እጫናለሁ። ኪቦርዱን ላስቀይር ብትሉ ደግሞ ቀዳዳው የተሰራው ለዚያ ቅርጽ ስለሆነ የእንግሊዝኛው ላይገጥም ይችላል። በአንዳንድ ላፕቶፖች የላይኛው ሽፋን በሙሉ መቀየር አለበት።

አዲስ የምትገዙም ተመልከቱ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ኮፓይለት የተባለውን የኤአይ ረዳቱን የሚከፍት ቁልፍ ካስተዋወቀ ወዲህ፣ ይህ ቁልፍ በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ የቀኙን ኮንትሮል ቦታ ወስዶታል። በቀኝ እጁ ኮንትሮል ለሚጠቀም ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ላፕቶፑ ተከፍቶ ከላይ የተነሳ ፎቶ አስልኩ። የራሱ የዕቃው ፎቶ ይሁን፣ ከኢንተርኔት የተወሰደ አይሁን። የላይኛው የፊደል ረድፍ ከግራ ሲነበብ ኪው፣ ደብሊው፣ ኢ፣ አር፣ ቲ፣ ዋይ ማለት አለበት። ስድስተኛው ዜድ ከሆነ የጀርመኖቹ ነው። የኢንተሩንም ቅርጽ እዩ። ሻጩ ፎቶ ለመላክ ካንገራገረ ተዉት።

የኪቦርዱን ዓይነትም በጽሁፍ እንዲያረጋግጥላችሁ አድርጉ። እኔ ልመልስ ስል የተሰጠኝ መልስ «ስለ ኪቦርዱ ምንም ብለን አልጻፍንም» የሚል ነበር።