ሊኖ፣ ለስላሳ ጎማ፣ ጄል ፕሌት ወይስ ስክሪን? ቤት ውስጥ ፕሪንት መስራት ለምትፈልጉ

ፕሪንት፣ ማለትም ቀለም ቀብቶ በእጅ ስዕል ማተም፣ ልጀምር ያለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው መቅረጫው ላይ ነው፣ በእንጨት ሳጥን የተደረደረ 12 ምናምን ቢላ፣ ያምራል እውነት ነው፣ ግን ቤት ውስጥ በእጅ የሚታተም ስራ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በቀለሙና በሮለሩ እንጂ በቢላው አይደለም። ስለዚህ እጃችሁ ላይ 60 ዶላር ካለ ግማሹን ለቀለምና ለሮለር ለይታችሁ አስቀምጡና በቀረው ምን እንደምትገዙ እንይ። ዋጋ የምጠራው አሜሪካ ባለው ነው፣ እሱም በግምት፣ ከሱቅ ሱቅ ይለያያል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ለራሳችሁ መልሱ። ስንት ኮፒ ነው የምትፈልጉት? ወረቀት ላይ ነው ጨርቅ ላይ? ለእንቁጣጣሽ 40 ካርድ አትሞ ለዘመድ አዝማድ ሊልክ ያሰበ ሰውና ቅዳሜ ከሰዓት ከልጆቹ ጋር መጫወት የፈለገ ሰው አንድ አይነት እቃ መግዛት የለባቸውም።

ከሊኖ እንጀምር። ግራጫው ሊኖ ያው የወለል ምንጣፍ የነበረው ነው፣ ከተልባ ዘይትና ከቡሽ ዱቄት የሚሰራ ከጀርባው የጆንያ ጨርቅ ያለው፣ እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ዋልተን በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፓተንት ያወጣበት እቃ፣ ገና ከላስቲኩ ስታወጡት የተልባ ዘይቱ ይሸታችኋል። ጥሩነቱ መስመር ይይዛል፣ ቀጭን መስመር ትታችሁ ግራና ቀኙን ብትቦረቡሩት አይፈረካከስም፣ በአግባቡ ከያዛችሁት መቶ ኮፒም አይከብደውም። ችግሩ ጥንካሬው ነው፣ በተለይ ሱቅ ውስጥ ብዙ የከረመ ከሆነ ጠርዙ ይሰባበራል፣ ቢላው ይንሸራተትና ሌላኛው እጃችሁን ይፈልጋል። መፍትሄው ማሞቅ ነው። ስስ ፎጣ ጣል አርጋችሁ ካውያውን በትንሽ ሙቀት አሳልፉበት ወይ በጸጉር ማድረቂያ አሙቁት፣ ልስልስ ይላል፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ታሞቁታላችሁ በቃ። የያዛችሁበት እጅ ሁልጊዜ ከቢላው ኋላ ይሁን፣ ቢላውን ሳይሆን ብሎኩን (የምትቀርጹትን ቁራጭ) እያዞራችሁ ቅረጹ። ደግሞ እንጨት ላይ የተለጠፈና ያልተለጠፈ አለ፣ በእጅ ለምታትሙ ሰዎች ያልተለጠፈው ይበቃል፣ ርካሽም ነው፣ በመቀስም ይቆረጣል።

ለስላሳው ጎማ (ሮዙን የስፒድቦል ስፒዲ ካርቭ ብዙ ሰው ያውቀዋል) ለጀማሪ ደስ የሚል ነገር ነው፣ ቢላው ምንም ሳይታገል ይሄዳል፣ ልጅም ትልቅ ሰው አጠገቡ ካለ ይቀርጸዋል። ግን ዋጋው በስፋት ሲሰላ ከሊኖ ይወደዳል፣ ሲታተም ደግሞ ስለሚለመጥ ጫን ካላችሁት ቀጫጭኑ መስመር ይወፍራል፣ አንዳንዴም ይጣመማል። ትንሽ ማህተም፣ የስጦታ መጠቅለያ፣ የፖስታ ጥግ ላይ የምትመታ አበባ ከሆነ ጎማ፣ ፊት ወይም ጽሁፍ ያለው ስራ ከሆነ ሊኖ እላለሁ። እንደውም ለማህተም ብቻ ከሆነ ከጽህፈት መሳሪያ ቤት የሚገዛ ትልቅ ነጭ ላጲስ ያው ስራ ይሰራል።

ጽሁፍ ካልኩ አይቀር፣ የቀረጻችሁት ሁሉ ተገልብጦ ነው የሚታተመው፣ ፊደላችን ደግሞ በዚህ ላይ ተንኮለኛ ነው። ሀ፣ ሠ፣ ወ ብትገለብጧቸውም ብዙ አይታወቅባቸውም፣ ሰው እሱን አይቶ ይዘናጋል፣ ከዛ «አደረሳችሁ» ሲታተም የሁ ቅጥያ በቀኝ መሆኑ ቀርቶ በግራ ወጥቶ ታገኙታላችሁ። ጽሁፉን በስስ ወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ ጻፉ፣ ወረቀቱን ገልብጡና ብሎኩ ላይ አርጋችሁ ጀርባውን በማንኪያ እሹት፣ እርሳሱ ራሱ ተገልብጦ ይለጠፋል፣ ያንን ተከትላችሁ መቅረጽ ነው።

እንጨትን በአጭሩ። ታሪኩ የኛም ነው፣ ጀርመን ተወልዶ ብራዚላዊ የሆነው ሀንሰን ባሂያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ዛሬ አለ ፈለገ ሰላም የምንለው፣ መጥቶ የእንጨት ህትመት አስተምሯል። ነገር ግን እንጨት የሚሳል፣ ውድ መቅረጫ ይፈልጋል፣ የእንጨቱን ጅማት አቅጣጫም መልመድ አለ። ለሁለተኛ ዓመታችሁ ይቆይ።

ጄል ፕሌት ፍጹም ሌላ ነገር ነው። አይቀረጽም። ጄሊ የሚመስል ወፍራም ንጣፍ ነው፣ አክሪሊክ ቀለም በሮለር ስስ አርጋችሁ ትቀቡታላችሁ፣ ቅጠል ታስቀምጡበታላችሁ፣ ወረቀት ጣል አርጋችሁ በእጅ ታሻሹና ታነሳላችሁ። ያኔ የሚወጣው የቅጠሉ ጥላ ብቻ ነው፣ ዋናው ቅጠሉን ካነሳችሁ በኋላ ሌላ ወረቀት ስታደርጉበት ነው የሚመጣው፣ ደም ስሩ ሁሉ አንድ በአንድ ቁልጭ ብሎ። በረንዳ ላይ በማሰሮ ጤና አዳም ያለው ሰው ይሞክረው፣ ቅጠሉ ጥቃቅን ስለሆነ በጣም ያምራል። ችግሩ እያንዳንዱ ስራ አንድ ነው፣ ያንኑ 40 ጊዜ ልድገም ብትሉ አይሆንም። 8 በ10 ኢንቹ 30 ዶላር ገደማ ነው፣ ሹል ነገር አይወድም፣ ሳይታጠፍ በጠፍጣፋ ቦታ መቀመጥ አለበት። በጄላቲንና በግሊሰሪን ቤት የሚሰራም አለ፣ ሲበላሽ አቅልጦ መልሶ ማፍሰስ ይቻላል፣ ጄላቲን ግን ከእንስሳ ነው ብዙ ጊዜም ከአሳማ፣ ያ ለሚከብደው ሰው የጄሊ አርትስ ፕሌት ከእንስሳ የሚወጣ ነገር የለበትም።

ስክሪን፣ ፍሬም ላይ በተወጠረ መረብ ቀለም እየገፉ ማተም፣ ቲሸርት ለሚያስብ ሰው ነው፣ ለሌላው አልመክርም። ፍሬም፣ መረብ፣ ስኩዊጂ (ቀለሙን የሚገፋው ጎማ)፣ ቀለም እያለ ጀማሪው ስብስብ ራሱ ከ50 ዶላር ያልፋል፣ በፎቶ ኢመልሽን (መረቡ ላይ ተቀብቶ ብርሃን ሲነካው በሚጠነክር ፈሳሽ) ልስራ ካላችሁ ደግሞ የሚጨልም ክፍል፣ መብራትና ጫና ያለው ውሀ ያስፈልጋል፣ አፓርታማ ውስጥ የመታጠቢያ ገንዳውን ማን እንደሚያጸዳ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። በወረቀት ቆርጣችሁ ስቴንስል አርጋችሁ ብትጀምሩ ይሻላል። መረብ ስትገዙ ለጨርቅ 110 የሚለውን (በአውሮፓ ቁጥር 43) ውሰዱ፣ ለወረቀት ከ200 በላይ ያለውን። አንድ ጥብቅ ነገር፣ ቀለሙ መረቡ ላይ እንዳይደርቅ፣ ስልክ ጠርቶ ዞር ካላችሁ አለቀለት። ሲያልቅ የጨርቅ ቀለሙን ሲታጠብ እንዳይለቅ በካውያ ሙቀት ታስሩታላችሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ዘይት የሌለበት፣ በውሀ ብቻ የሚታጠበው ቀለም ርካሽ ነው፣ ትንሹ ቱቦ ከ10 ዶላር በታች፣ ለልጆች ጥሩ፣ ግን ቶሎ ይደርቃል፣ ክረምት ሂተር የበራበት ቤት ውስጥ ገና ሁለተኛውን ወረቀት ሳታነሱ ብሎኩ ላይ ይደርቅባችኋል፣ ከደረቀም በኋላ እርጥብ ነገር ሲነካው ይለቃል። እኔ የምለው የዌልሱ ክራንፊልድ የሚሰራውን ካሊጎ ሴፍ ዋሽ አይነት ነው፣ ዘይት ያለው ሆኖ በሳሙናና በውሀ የሚታጠብ፣ ቱቦው 15 ዶላር እና ከዛ በላይ፣ ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል ስለዚህ ገመድ ወጥራችሁ በልብስ መቆንጠጫ ትሰቅላላችሁ፣ የሚሰጣችሁ ጥቁር ግን ጥቁር ነው። የ6 ቀለም ስብስብ አትግዙ፣ አንድ ጥሩ ጥቁር ይበቃል። ለጨርቅ ከሆነ የስፒድቦል የጨርቅ ብሎክ ቀለም አለ፣ ከታተመ በኋላ ሳምንት ገደማ ሳይታጠብ ይቆይ።

ሮለር 4 ኢንች ጎማ። የግድግዳ ቀለም የሚቀባበት ስፖንጅ ሮለር ለሊኖ አይሆንም፣ አረፋ ይሰራል፣ የተቀረጸው ጉድጓድ ውስጥም ይገባል። ቀለሙን የምትዘረጉበት መስታወት ከአሮጌ የፎቶ ፍሬም አውጡ፣ ጠርዙን በፕላስተር ሸፍኑ። ቀለሙ መጠኑን ሲያገኝ ሮለሩ ሽንኩርት መጥበስ ሲጀምር የሚሰማውን ድምጽ ይሰጣል፣ ድምጹ ወፈር ብሎ የሚጣበቅ ከሆነ በዝቷል።

ፕሬስ (የማተሚያ መጫኛ ማሽን) አትግዙ። የእንጨት ማንኪያ ጀርባ ይበቃል፣ ከመሃል ጀምራችሁ ክብ ክብ እየሰራችሁ፣ ወረቀቱ ስስ ከሆነ መስመሩ ከጀርባው ሲታይ ታውቃላችሁ። 300 ግራም ወፍራም ወረቀት ገዝታችሁ በማንኪያ ልትታገሉ ግን አትሞክሩ፣ ለልምምድ የፕሪንተር ወረቀት፣ ለጥሩው ስስ የጃፓን ወረቀት።

መቅረጫውንማ ረሳሁት። 5 ጫፍ በእጀታው ውስጥ የሚቀመጥለት የስፒድቦሉ በቂ ነው፣ በቪ ቅርጹ መስመር፣ በዩ ቅርጹ ሰፊውን ባዶ ማጽዳት። የስዊሱ ፕፋይል (Pfeil) የሚባለው መቅረጫ እውነትም ሌላ ዓለም ነው ግን አንዱ ብቻ ከ30 ዶላር በላይ ስለሆነ እጃችሁ ከለመደ በኋላ አንድ አንድ እያላችሁ ግዙ።

አዲስ አበባ ላላችሁ፣ ወለል ላይ የሚነጠፈውን እየቆረጡ ሊኖሊየም ነው ብለው ቢሸጡላችሁ አብዛኛው ቪኒል ፕላስቲክ ነው፣ ለመቅረጽ አይመችም፣ ጀርባው ጆንያ ካልሆነና ተልባ ካልሸተታችሁ ተዉት። ላጲስ፣ ከተር፣ አክሪሊክና መስታወት እዛው ይገኛል። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላችሁ የምታስመጡት ቀለምና ጫፎቹን ነው፣ ጫፎቹን የእጅ ሻንጣ ውስጥ እንዳይከት ንገሩት፣ ፍተሻ ላይ ይወሰዱበታል።