የወንድሜን ጣቶች ያዩልኝ አንጥረኛ

ይሄን የምጽፈው ደሴ ላላችሁ ነው። ከኮምቦልቻ የሀረጎን ዳገት ወጥቶ መምጣት ለማይከብዳችሁም ጭምር። ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ አንጥረኛ አሉ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። የጆሮ ጌጥ ይሠራሉ፣ የተሰበረ ሀብል ይጠግናሉ። እኔ ግን የሄድኩት ለጨዋታ የሚሆን ገንዘብ እንዲሠሩልኝ ነበር።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ታናሽ ወንድሜ 15 ዓመቱ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይኖቹ አያዩም። ቅዳሜ ከሰዓት ጓደኞቹ እኛ ቤት ይሰበሰባሉ፣ እናቴ ቡና ታፈላለች፣ እኔ ደግሞ ተራኪ ሆኜ የሚና ጨዋታ እንጫወታለን። ለማታውቁት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ተብሎ የወጣው ዓይነት ጨዋታ ነው። አንዱ ይተርካል፣ ሌሎቹ የታሪኩ ሰዎች ይሆናሉ። «በሩን እሰብራለሁ» ካለ ባለ 20 ፊት ዳይስ ይጥላል፣ መሳካቱ በዚያ ይለያል። እኛ ዘንዶውን ትተን የድሮ ወሎ ነጋዴዎች አድርገነዋል። ከአፋር በረሃ አሞሌ ጨው ጭነው ወደ ደጋው የሚወጡ።

ጨዋታው ወሬ ስለሆነ ወንድሜን የሚያህለው የለም። ችግሩ ዕቃ ሲወጣ ነው። ደብዳቤ ወይም ካርታ ጠረጴዛው ላይ ሳደርግ ሁሉም አንገታቸውን ይደፋሉ። እሱ ጸጥ ብሎ ይጠብቅና «ምን ይላል?» ይላል። ያቺ «ምን ይላል» አንጀቴን ትበላው ነበር።

ስለዚህ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ላሠራለት ወሰንኩ። ያሰብኩት ታሪክ ነጋዴዎቹ ስድስት ጠገራ ብር ተቀብለው አንዱ ሐሰተኛ የሚሆንበት ነው።

ምን ያላየሁት አለ! አንዱ ቤት 800 ብር ቀብድ ተቀበለኝና ሁለት ወር ሙሉ «ነገ ነይ» አለኝ። በመጨረሻ የሰጠኝ ከቆርቆሮ የተቆረጠ ክብ ነገር ነው። ጠርዙ እንኳን አልተሞረደም። ወንድሜ አንስቶ ሲያገላብጠው ጣቱን ቆረጠው። መልሼ ስወስደው «ለጨዋታ አይደል እንዴ፣ ምን አካበድሽው» አለኝ። ቀብዴንም አልመለሰልኝም። ሌላ ቦታ የድሮ የሚመስል ደብዳቤ አዝዤ ላሚኔት አድርገው እንደ መታወቂያ አብረቅርቀው ሰጡኝ። ከሁሉ የከፋብኝ ግን ሦስተኛው ነው። ነገሩን በደንብ አስረድቼው ሲያበቃ ወንድሜን አየት አደረገና፣ እሱ እየሰማ፣ «ለማያይ ልጅ ይሄ ሁሉ ወጪ ምን ያደርጋል?» አለኝ። እስከ ቤት ድረስ ሁለታችንም ቃል ሳንተነፍስ ሄድን።

ከዚያ በኋላ ትቼው ነበር። እናቴ ናት የጆሮ ጌጧን ልታሠራ ሄዳ ስለ እኚህ ሰው የነገረችኝ። ወንድሜን ይዤው ሄድኩ።

እኔ ማስረዳት ስጀምር አቋረጡኝ። «አብሽሪ ልጄ፣ እሱ ይንገረኝ፤ የሚይዘው እሱ አይደል?» አሉ። ለሱ በርጩማ አቀረቡለት። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አወሩ። ስለ ሲራራ ነጋዴ ጠየቁት፣ ስለ በቅሎዎቹ ጠየቁት፣ ሐሰተኛውን ብር ማን እንደሠራው ጠየቁት። ደንበኛ መጥቶ ቆሞ ነበር፣ «ትንሽ ታገሠኝ» አሉት።

ከዚያ ከመሳቢያቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ከእናታቸው የወረሱት እውነተኛ ማርትሬዛ ነው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር። ወንድሜ መዳፍ ላይ አኖሩለት። 28 ግራም ገደማ ነው፣ ግን እጁ ዝቅ ሲል አየሁት። ሌባ ጣቱን ያዙና ቀስ እያደረጉ በፊደሎቹ ላይ ወሰዱት። «ይሄ አንድ ነው። ይሄ ሰባት። ይሄ ስምንት፣ ሁለት ክብ ተደራርቦ። ይሄ ዜሮ።» 1780። ንግሥቲቱ የሞቱበት ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ የተመቱትም ያንኑ ዓመት ይዘው ነው የወጡት። የድሮ ሰው በሴትዮዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ፍሬዎች ቆጥሮ ነበር የሚቀበለው አሉት። ወንድሜ ወዲያው በጥፍሩ መቁጠር ጀመረ። ብሩን እጁ ላይ ትተውለት ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አልተቆጣጠሩትም፣ «ተጠንቀቅ» አላሉትም። የእናታቸው ብር እኮ ነው!

በዘጠኝ ቀን ጨረሱት። ምን ከምን እንደቀላቀሉ አልገባኝም፣ ነግረውኝም አልያዝኩትም። እኔ የማውቀው ስድስቱም ከበድ ያሉ መሆናቸውን፣ ጠርዛቸው እንደ ከንፈር መለስለሱን ነው። አንዱ ላይ ፍሬዎቹን አጉድለውታል፣ ሲወድቅም ድምፁ ድፍን ያለ ነው። ድምፁን እኔ አላዘዝኩም፣ ራሳቸው ያሰቡት ነው። በሁሉም ጀርባ ደግሞ ትንሽ ኮከብ መትተውበታል። ለምን ስላቸው «ነገ አንዱ አሮጌ ነው ብሎ ለእንግዳ እንዳይሸጠው» አሉኝ። የከፈልኳቸው ለመጀመሪያው ሰውዬ ከሰጠሁት ቀብድ ብዙም አይበልጥም።

ቅዳሜ ብሮቹን ጠረጴዛው ላይ በተንኳቸው። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ደፍተው ያፈጣሉ፣ ስድስቱም ለዓይን አንድ ነው። ወንድሜ አንድ በአንድ እያነሳ በጥፍሩ ዳሰሰ። አራተኛውን ጣል አደረገው። እንደገና አንስቶ ጣል። «ይሄ ብር የሞተ ነው፣ ነጋዴው አታሎናል!» አለ። ቤቱ በጩኸት ተቀወጠ። ያን ቀን «ምን ይላል?» ያሉት ሌሎቹ ናቸው። እናቴ በረካውን ይዛ ቆማ ቀረች።

እባካችሁ፣ ሠርግም ይሁን ቲያትር ይሁን እንደኛ ጨዋታ፣ ማሠራት የምትፈልጉት ነገር ካለ እሳቸው ጋ ሂዱ። ሥራቸው ንጹሕ ነው፣ ቃላቸው ቃል ነው፣ ሰው ያከብራሉ። ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ። ስማቸውንና ስልካቸውን እንድለጥፍ አልወደዱም፣ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አድራሻውን እነግራችኋለሁ። አርብ ለጁምዓ ስለሚዘጉ በሌላ ቀን ይሁን። ዕቃውን የሚይዘውንም ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።

አሁን ለነጋዴዎቹ ሣጥን ቁልፍ እየሠሩልን ነው። ሣጥኑን ጎረቤታቸው ያለው አናጢ በዋንዛ ጀምሮታል። ወንድሜ ትናንት ብቻውን በባጃጅ ሄዶ የቁልፉን ጥርስ ዳስሶ መጣ፣ አንዱን ጥርስ አስተካክሉት ብሏቸው እየሞረዱት ነው።