ሦስቱን ምጣዴን ላዳነችልኝ የተግባረ ዕድ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ፣ ልደታ አካባቢ እንጀራ ጋግሬ የማከፋፍል ሴት ነኝ። ጽሁፍ ላይ እምብዛም ነኝ። ልጄ "እማዬ፣ ጻፊው፣ ሰው ይጠቀምበት" ብላ ስለነዘነዘችኝ ነው የጀመርኩት።

ላመሰግናት የምፈልግ አንዲት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አለች። ሙያዋን የተማረችው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ ሰፈር ያለው ተግባረ ዕድ የሚባለው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው። ስሟን ልጻፍ ብዬ ሳስፈቅዳት "ስሜ ይቅር እትዬ፣ ለሚፈልገኝ ሰው ስልኬን ይስጡት" አለችኝ። ስለዚህ የፈለጋት በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

ነገሩ የጀመረው ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ነው። እንጀራ የሚሸጥ ሰው ያን ሳምንት ያውቀዋል። ዶሮው ቢቀር እንጀራ የማይቀርበት ቤት የለም። ትዕዛዝ ተቀብያለሁ፣ ገሚሱ ብሩን ከፍሏል። ዓርብ ስግደት ነው፣ እኔ ቤት ሥራ የለም። ያለኝ ጊዜ ሐሙስና ቅዳሜ ብቻ ነው። ሊጡ ኩፍ ብሎ ይጠብቃል። ረፋድ ላይ ሁለተኛው ምጣድ "ቷ" አለና ጠፋ። ሶኬቱን ስነካው ይፋጃል። ዙሪያው ያለው ቀለም ቡናማ ሆኗል። ቤቱ ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል።

ከዚያ በፊት ሦስት ሰው አስጠርቼ ነበር። አንዱ የተላጠውን ሽቦ በናስትሮ ጠቅልሎልኝ ሄደ። ሁለተኛው፣ ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድብኝ "ይሄማ አንሶ ነው" ብሎ ትልቅ ቀየረልኝ። ብሬከሩ መውረዱን ሲተው፣ ሥራ የሚያውቅ ሰው አገኘሁ ብዬ ጉርሻ ጨምሬ ከፈልኩት። (ጉርሻውን የከፈልኩት ለምን እንደነበር ቆይቼ ነው የተረዳሁት።) ሦስተኛው እስከ ዛሬ "መጣሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ" እንዳለኝ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ "አንዲት ሴት ኤሌክትሪሺያን አውቃለሁ" አለኝ። ሴት? አልኩ። እውነቱን መናገር ካለብኝ፣ አልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣች። ሰማያዊ ቱታ፣ በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ። ገና ካቻቪቴ ሳታወጣ ጥያቄ ጀመረች። ምጣዶቹ ስንት ዋት ናቸው? ስንቱን በአንዴ ነው የምታበሩት? ለስንት ሰዓት? ብሬከሩን ማን ቀየረው? እኔ ዋት ምን አውቃለሁ። ምጣዱ ሥር ገብታ በስልኳ መብራት አነበበችው። እያንዳንዱ 3,500 ዋት ነው።

ከዚያ ቆጣሪው ጋ ሄዳ ዋናውን አጠፋች። ሳጥኑን በክር አሰረችው። ከካርቶን ቀድዳ "ሰው እየሠራ ነው፣ እንዳታበሩ" ብላ ጽፋ ሰቀለችበት። ታዲያ ጠፍቶ የለም ወይ ብዬ ሶኬቱን ልይዝ ስል እጄን ያዝ አደረገችኝ። ቴስተሯን ይዛ አጥሩ ላይ ወዳለው የጎረቤቴ ሱቅ ሄደች። መብራት ያለበት ሶኬት ላይ ሞከረችው። ተመልሳ የኔን ለካች። እንደገና ሱቁ ሄዳ ሞከረችው። ግራ ገብቶኝ ሳያት፣ "ቴስተሩ ራሱ በመሀል ሞቶ ቢሆንስ እትዬ? ወርክሾፕ ስንገባ መጀመሪያ የተማርነው ይሄንን ነው። ሳትለኩት የምትነኩት ሽቦ ሁሉ ኃይል አለው ብላችሁ አስቡ ይሉን ነበር" አለች።

ግድግዳውን ከፍታ ሽቦውን ስታወጣው ጥቁር ነው። ሲነካ እንደ ደረቅ ቂጣ ይፈረፈራል። የቆጣሪውንም ሳጥን አይታ ብዙ ዝም አለች። ቆጣሪዬ ስሪ ፌዝ ነው፣ መብራቱ በሦስት መስመር ይገባል ማለት ነው። ለእንጀራው ሥራ ብዬ ከፍዬ ያስገባሁት ነው። ለካ ሦስቱም ምጣድ የተንጠለጠሉት አንዱ ፌዝ ላይ ብቻ ኖሯል። ሁለቱ ፌዝ አንዳንድ አምፖል እያበሩ ተቀምጠዋል።

"አልገባኝም ልጄ" ስላት፣ "ቤተክርስቲያን ስንት በር አለው እትዬ?" አለችኝ።

"ሦስት።"

"የፋሲካ ሌሊት ቅዳሴ ሲያልቅ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንዱ በር ልውጣ ቢልስ?"

ገባኝ። ስልኳ ላይ ሂሳቡን ሠርታ አሳየችኝ። አንዱ ምጣድ 3,500 ዋት፣ ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ። ሦስቱ በአንድ ፌዝ 48 አምፔር። ሽቦው ደግሞ ቀጭኑ፣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትሩ ነው፣ ያን ያህል አይሸከምም። ያ ትልቅ ብሬከር የተገጠመ ቀን ነው ጉዱ የመጣው። የመጀመሪያው ብሬከር ይወርድ የነበረው ሽቦው እንዳይቃጠል ነበር። እሱ ሲነሳ በሱ ፈንታ ሽቦው ይቃጠል ጀመር። እኔ ደግሞ ተሻለኝ ብዬ ጉርሻ ሰጠሁ።

አሁን የተጣላንበት ቦታ ላይ ደርሰናል። አንዱን ምጣድ በአዲስ ሽቦ አስተካክላ አበራችልኝና "ዛሬ ማታ ይቺን ብቻ ነው የማበራልዎት" አለች። ትዕዛዝ አለብኝ፣ የሰው ብር በልቻለሁ፣ እባክሽ ሦስቱንም እስከ ቅዳሜ ብቻ አገናኝልኝ ብዬ ለመንኳት። እምቢ አለች። እጥፍ እከፍላለሁ አልኳት። እምቢ አለች። ተቆጣሁ። "ሌላ ሰው እጠራለሁ" አልኩ። በእርጋታ ዕቃዋን እየሰበሰበች፣ "ይጥሩ እትዬ፣ መብትዎ ነው። እኔ ግን ነገ ስግደት ላይ ሆኜ ስለ እርስዎ ቤት እያሰብኩ መዋል አልፈልግም" አለችኝ።

ሌላ ሰው አልጠራሁም። ጉልባን አቀረብኩላት፣ በላች፣ ሄደች። ያን ሌሊት በአንድ ምጣድ፣ ቅዳሜም በአንድ ምጣድ ጋገርን። ለአራት ደንበኞች ብራቸውን መለስኩ። አንዷ እስካሁን አኩርፋኛለች።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ መጥታ ሙሉውን ሠራችው። ዕቃውን ራሴ መርካቶ ሄጄ እንድገዛ ዝርዝሩን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። "እኔ ብገዛው በዋጋው ያሙኛል" ብላ ሳቀች። ሽቦውን ከጥቅልሉ ላይ ያለውን ጽሁፍ ሳላነብ እንዳልገዛ አስጠነቀቀችኝ። ለየምጣዱ የራሱ ፌዝ፣ የራሱ ባለ 6 ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር። ደግሞ የመሬት ሽቦ። ለዓመታት እጄ በሊጥ ርሶ ምጣዱን ስነካ ይነዝረኝ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ጠባዩ ነው ብዬ ለምጄው ነበር። ልጆቼ ሳይቀሩ ጫማ ሳያደርጉ ወደ ምጣዱ አይጠጉም። እሷ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ አስቆፍራ ከሰልና ጨው አስሞልታ ብረት ቀበረችበት፣ ሽቦውን ከምጣዶቹ ጋር አገናኘችው። ካለቀ በኋላ በባዶ እግሬ ቆሜ በርጥብ እጄ ነካሁት። ምንም የለም። አፍሬ ዝም አልኩ እንጂ እንባዬ መጥቶ ነበር።

ቡና አፍልቼ ሳጫውታት ነው ስለ ትምህርቷ የሰማሁት። የ10ኛ ክፍል ፈተና በነበረበት ጊዜ ለመሰናዶ የሚያበቃ ውጤት አልመጣላትም። ያኔ ቴክኒክና ሙያ የሚገባው የወደቀ ነው ይባል ነበር፣ ዛሬም የሚል አለ። አባቷ ለዘመድ "ኮሌጅ ገብታለች" ይሉና የምን ኮሌጅ ሲባሉ ወሬ ይቀይሩ ነበር አለችኝ።

ይሄ ነገር ለኔ ይገርመኛል። አጎቴ በጃንሆይ ጊዜ ተግባረ ዕድ ተምሮ ቴሌ ሲቀጠር ሰፈሩ በሙሉ ነው የመረቀው። ትምህርት ቤቱ ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1930ዎቹ ከተከፈቱት ነው። ስሙም ቢሆን የሚያሳፍር አይደለም። እድ በግዕዝ እጅ ነው፣ እደ ጥበብ እንደምንለው። የእጅ ሥራ ማለት ነው በቃ። አጎቴ ቱታውን በካውያ አስተኩሶ ነበር የሚለብሰው። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥም ዛሬ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ነው ያለው። ዊንጌትም ፖሊ ቴክኒክ ሆኗል። የሚኒስትር ልጅ የተማረበት ግቢ ውስጥ ብየዳ ሲማሩበት እንዴት ማዕረጉ እንደወረደ አላውቅም።

ደግሞስ ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ይግባ ቢባል የት አለ? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የእህቴ ልጅ ከቀሩት ውስጥ ናት። አንድ ዓመት ቤት ተቀምጣ ስልክ ስትነካካ ከረመች።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። እስከ ደረጃ 4 ተምራለች። ሥልጠናው 70 እጁ ተግባር፣ 30 እጁ ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ነው የታሰበው። ትብብር ሥልጠና የሚሉት አለ፣ ድርጅት ተልከው ሥራ ቦታ ላይ የሚማሩበት። እሷ ፋብሪካ ነበር የደረሳት። መጀመሪያ ወለል አስጠረጉኝ አለች። ከሞተሮቹ ጋር የተገናኘችው አንድ ሽማግሌ ቴክኒሺያን ማታ ማታ እየጠሯት ነው። ስትጨርስ ሲኦሲ ተፈተነች፣ የብቃት ምዘናውን ማለቴ ነው። የተግባሩን ፈተና ስትነግረኝ እጇ አየር ላይ ሽቦ ይቀጥል ነበር። ፈታኙ ጀርባዋ ቆሞ ምንም ሳይናገር ይጽፋል። ሠርታ ስትጨርስ ከማብራቷ በፊት ለካች። ያኔ ነው ቀና ብሎ ያየኝ አለች።

የክፍል ጓደኞቿን ጠየቅኳት። አምስት ሆነው በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው ነበር። የኮንዶሚኒየም መስመር ዝርጋታ ሠርተው ክፍያው ሲጓተት ተበተኑ። አንዱ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጥገና ላይ ነው። አንዷ ትምህርቷን ቀጥላ አሁን ራሷ አሠልጣኝ ናት። አንዱ ዱባይ ነው፣ ወረቀቱን አስተርጉሞ አረጋግጦ ነው የሄደው፣ ጉልበት ሥራ አልገባም። አንዱ ራይድ ይነዳል። "እሱስ ከሰረ" ስላት፣ "የሱ መኪና ግን በመብራት በኩል ጋራዥ ገብታ አታውቅም" አለችኝ። እስካሁን ይደዋወላሉ። የማታውቀው ነገር ሲገጥማት አሠልጣኟ ጋ ትደውላለች። እኔም ቤት አንድ ጊዜ "ይሄን እርግጠኛ አይደለሁም፣ ልጠይቅ" ብላ ደጅ ወጥታ ደውላለች። ከዚያ በፊት ከጠራኋቸው ሦስቱ አንዱም አላውቅም ብሎ አያውቅም።

እኔ ኮሌጁ ለሰው ምን እንደሚሰጥ የምናገር ሰው አይደለሁም፣ ያየሁትን ነው የማወራው። ሶኬት መቀየርማ ሌሎቹም ይችሉ ነበር። ያቺ ሦስቴ መለካት፣ ያቺ ካርቶን፣ ያቺ እምቢታ ግን ከመንገድ ላይ የተለቀሙ አይደሉም። ሥራውን ስትጨርስም የመስመሩን ሥዕል በእስኪርቢቶ ሠርታ የሳጥኑ በር ውስጥ ለጥፋልኛለች። የትኛው ብሬከር የትኛው ምጣድ እንደሆነ ቁጥር አለው። "ነገ እኔ ባልኖር የሚመጣው ሰው እንዳይደናበር" አለች። የማታውቀው ሰው ሥራ እንዲቀለው የምታስብ ሠራተኛ እኔ አላየሁም።

እንከኗንም ልናገር፣ ኋላ እንዳትወቅሱኝ። ርካሽ አይደለችም። መሰላል ላይ ከሆነች ስልክ አታነሳም፣ አሥር ጊዜ ብትደውሉም አታነሳም። ማታ ማታ ዲግሪዋን ስለምትማር ከ11 ሰዓት በኋላ አትገኝም። ደግሞ ትናገራለች። ሳሎኔ ውስጥ አንዱ ዲቫይደር ላይ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥንና ካውያ ተሰክተው ስታይ እንደ አማት ነው የተቆጣችኝ።

የእህቴን ልጅ አንድ ቅዳሜ አብራት ሥራ ወስዳት ነበር። ልጅቷ አቧራ ለብሳ፣ ጥፍሯ ተሰብሮ፣ እየሳቀች ተመለሰች። ሰኞ ዕለት ምዝገባ መቼ እንደሆነ ልትጠይቅ ሜክሲኮ ሄደች። እናቷ ገና አልተዋጠላትም። እየሠራንበት ነው።

የኔ እህት፣ ይሄን ካነበብሽው እግዜር ይስጥልኝ። በዚያ ሐሙስ ስለተቆጣሁሽ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ልትደውሉላት የምትፈልጉ ደግሞ፣ ከመደወላችሁ በፊት ምጣዳችሁ ሥር ጎንበስ ብላችሁ ስንት ዋት እንደሆነ አንብቡ። መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።