እናቴን ከጸጸት ላወጣቻት ሲስተር

ይህን የምጽፈው ለአንዲት የጥቁር አንበሳ ነርስ ነው። «ስሜን እንዳትጽፊ» ስላለችኝ ቃሏን አከብራለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ትኩሳቱና ራስ ምታቱ ሲጠናበት፣ ማጅራት ገትር እንዳይሆን ተብሎ ሌላ ቦታ ከወገቡ ፈሳሽ ተቀዳለት። ዘመድ ሁሉ «ከወገቡ የተቀዳ ሰው ሽባ ይሆናል» እያለ ሲያስፈራራን፣ እያለቀስን ነው የፈረምነው። ውጤቱ ንጹህ ሆነ፣ ተመስገን። ከዚያ የመጣው ትእዛዝ ግን አሳራችንን አበላን። 24 ሰዓት በጀርባው፣ ያለ ትራስ፣ ቀና ሳይል! ለምን ስንል «ዝም ብላችሁ አስተኙት» ተባልን። ተኝቶ ለመሽናት ሲታገል ያየሁት አይረሳኝም። ማታ እናቴ ሾርባ ልታጠጣው ጭንቅላቱን በክንዷ ትንሽ ደገፍ አደረገችው።

በሁለተኛው ቀን ቁጭ ሲል ራሱ ሊፈነዳ ይደርሳል፣ ጋደም ሲል ይተወዋል። መልሰን ብንወስደው «ቀና አድርጋችሁት ነው፣ የራሳችሁ ጥፋት ነው» አሉን። እናቴ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም። «ልጄን በገዛ እጄ» እያለች ታለቅሳለች።

ጥቁር አንበሳ የደረስነው እንዲህ ሆነን ነው። ሐኪሙ አይቶት ከሄደ በኋላ ሲስተር ወንበር ስባ እናቴ አጠገብ ተቀመጠች። እጇን ያዘች። «እማማ፣ እርስዎ ምንም አላጠፉም» አለቻት። ራሱን የሚያመው መርፌው በገባበት ቀዳዳ ፈሳሹ ስለሚፈስ ነው አለች። ጋደም ማለት ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ፣ ቀኑን ሙሉ በጀርባ መተኛት እንዳይመጣ አያደርገውም፤ ይህ በጥናት ከታየ ቆይቷል። ለውጥ የሚያመጣው የመርፌው ቅጥነትና የጫፉ ዓይነት ነው። ስለ መርፌው ብዙ አስረድታናለች፣ እኔ ግን አልያዝኩትም። እናቴም የሰማችው አንዷን ነገር ብቻ ነው። «እውነት የኔ ጥፋት አይደለም?» ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀቻት። ሲስተር ሦስቴም ያው ድምጿ፣ ያው ፈገግታዋ። «አይደለም እማማ።»

ደግሞ «ቡና ይጠጣል?» አለች። ቡና ለአንዳንዱ ሰው ሕመሙን ያቀልለታል። እናቴ ቡና የሚለውን ስትሰማ ፊቷ በራ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ በፔርሙዝ ይዛ መጣች። በአምስተኛው ቀን ወንድሜ በእግሩ ቤቱ ገባ።

ከወገብ ፈሳሽ ይቀዳ ከተባላችሁ እባካችሁ አትሽሹ። ክፉው ማጅራት ገትር ነው፣ ሳይታወቅ ከቆየ ይገድላል። ከተቀዳችሁ በኋላ ግን ለምን እንደምትተኙና እስከ መቼ እንደሆነ ጠይቁ። ጥቁር አንበሳ ከሄዳችሁ ደግሞ ከመንገዱና ከሰልፉ በላይ እንዲህ ዓይነት ሰው አለ፣ ሂዱ።

ሲስተርዬ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ። ይህን ካነበብሽ፣ እናቴ «ቅዳሜ ከሰዓት ቡናው ይፈላል፣ እንዳትቀር» ብላለች።