ስትጽፉ ከርሰሩ ለሚዘልባችሁ፦ ሴቲንግ፣ ባለ ገመድ ማውስ ወይስ ዋየርለስ?

ደብረ ብርሃን ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ሲደርስ ጓደኞቼ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ስጽፍ ከርሰሩ ሌላ መስመር ላይ እየዘለለ አስቸገረኝ፤ ምን ልግዛ?» በዚህ ብርድ መዳፍን ሞቅ ያለው ላፕቶፕ ላይ ማሳረፍ ደስ ይላል። ችግሩ ታችፓዱ (ከኪቦርዱ በታች ቀስቱን በጣት የምናንቀሳቅስበት ሰሌዳ) መዳፉንም እንደ ጣት ይቆጥረዋል። አማርኛ ሲሆን ይብሳል። ለአንድ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ ስለምንነካ፣ መሀል ላይ ከዘለለ ቃሉ ይበላሻል።

መጀመሪያ ገንዘብ የማይጠይቀውን ሞክሩ። ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ታችፓድ የሚለውን ክፈቱና በአንድ ጣት ነካ ሲደረግ ክሊክ የሚያደርገውን አጥፉት። ከዚያ በኋላ መዳፋችሁ ቢነካው ቀስቱ ይንቀሳቀሳል እንጂ የምትጽፉበት ቦታ አይቀየርም። አልፎ አልፎ ለሚጽፍ ይበቃል።

ብዙ የምትጽፉ ከሆነ ግን ባለ ገመድ ማውስ ግዙ። እኔ 400 ብር ነው የገዛሁት፤ ዋየርለሱን እጥፍ ጠርተውብኛል። በዚያ ላይ የባትሪ ወጪ አለ። ላፕቶፑ ላይ የምትሰካዋ ያቺ ትንሽ ሪሲቨር ከጠፋች ደግሞ ማውሱ አብሮ ጠፋ ማለት ነው። እዚያው ሴቲንግ ውስጥ ማውስ ሲሰካ ታችፓዱ እንዳይጠፋ የሚያደርገውን ምልክት አንሱ። ማውሱን ስትሰኩ ታችፓዱ ይጠፋል፣ ስትነቅሉ ይመለሳል። በዋየርለስ ይህ ያናድዳል፦ ባትሪው አልቆም ሪሲቨሩ እስከተሰካ ድረስ ታችፓዱ አይመለስም።

የታወቀ ብራንድ ስም ስላያችሁ ብቻ አትክፈሉ፤ ፎርጂዱ ብዙ ነው። ገመዱ ከማውሱ የሚወጣበትን አንገት እዩ። መከላከያ ጎማ ከሌለው እዚያው ጋ ነው የሚበጠሰው። ሱቁ ውስጥ አሰክታችሁ አንድ ፎልደር ደጋግማችሁ፣ ግን ቀስ እያላችሁ አንድ አንዴ ብቻ ተጫኑ። ከተከፈተ አንዱን ክሊክ ሁለት እያደረገው ነው፤ መልሱት። መርካቶ ይረክሳል ብላችሁ ለአንድ ማውስ ብቻ 130 ኪሎ ሜትር አትሂዱ፤ ትራንስፖርቱ ትርፉን ይበላዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ታችፓዱን በጣታችሁ ዳብሱት። ወደ ላይ ከተነሳ ወይም አልጫን ካለ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። እኔን አንድ ጥገና ቤት አዲስ ታችፓድ ሊያስገዛኝ ነበር፤ ሲከፈት ያበጠው ባትሪው ነው። እንዲህ ከሆነ ቻርጅ ማድረጉን አቁሙ፣ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የማውሱንም ብር ለባትሪው አውሉት።